ወልዱ የመለሰው ፎቶ

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ወልዱ የሰጠሁትን ፎቶ መለሰልኝ። ስጦታ መለሰ። በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ፣ በልጁ በሳራ እጅ ላከው። ራሱ ይዞት ቢመጣ እንኳ አንድ ነገር ነበር። አልመጣም።

ሳራ በሬን ያንኳኳችው ጠዋት ወደ ሥራዋ ወደ ጊጊሪ ስትሄድ ነው። ግቢ አልኳት። ማታቱው፣ ሚኒባሱ፣ ያመልጠኛል ብላ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ፖሌ» አለችኝ። በዚህ አገር ሰው ሲያዝንም ሲያፍርም ፖሌ ነው የሚለው። «አባባ ነው። እኔ እዚህ ውስጥ የለሁበትም፣ ኦኬይ?»

«ምን ብሎ ላከሽ?»

«መልሺለት አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። ሶሪ ጋሼ። ባይ።»

ባይ። ናይሮቢ ከገባሁ ጀምሮ የማውቀው ሰው ስጦታዬን መለሰልኝ፣ መልእክቱም ባይ ነው።

ነገሩን እንደሆነው ላስፍረው። ከነገ ጀምሮ ሁሉም እንደመሰለው ማውራቱ አይቀርም።

ወልዱን ያነሳሁት የዛሬ ወር ገደማ ነው፤ እኔው ቤት፣ በምሥራቁ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ። ያን ጊዜ ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ሸፍኗቸው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ጭጋግ ውስጥ ነው የኖረው። እኔ ሌንሱን ሳስተካክል እሱ «ጨረስክ?» ይላል፤ አልጨረስኩም እለዋለሁ። ብርሃኑ ከጎኑ ነበር። በፊቱ ላይ ያለው መስመር ሁሉ እንደታረሰ መሬት ወጣ። ካሜራ ከያዝኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ፎቶ አልወጣልኝም። ነገ ብሞት በዚህ ፎቶ ይፈረድልኝ።

ከዚያ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ ለጥቂት ቀን ጥቁር መነጽር አድርግ አለው። እኔም እስከዚያ ፎቶውን ፓርክላንድስ ማተሚያ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳተምኩት። በጥቁርና ነጭ ነው፤ በሌላ አላሳትምም። ፍሬሙም ጥቁር ነው። እንኳን ለብርሃን አበቃህ ብዬ ልሰጠው ነው ሐሳቤ።

ትናንት እሑድ ወሰድኩለት። ጎህ ሲቀድ ሄድኩ፤ ምክንያቱም የወልዱ ሳሎን የጠዋት ፀሐይ ነው የሚገባው፣ ፎቶ ደግሞ መጀመሪያ የታየበት ብርሃን ይወስነዋል። አቶ ሞላና አቶ ንጉሤ ከእኔ ጋር ወደ ቅዳሴ የሚሄዱ ስለነበሩ በአቶ ሞላ መኪና አብረን ሄድን። ሦስታችንም ነጠላ ለብሰናል። ፎቶው እንዳይጫር በነጭ ጨርቅ ሸፍኜዋለሁ።

የወልዱ ሚስት ለተ ከበረንዳ አየችን። ሦስት ሽማግሌ፣ በነጠላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በነጭ የተሸፈነ ትልቅ ፍሬም ይዘው። ልጃቸው ናትናኤል ደግሞ የጭነት መኪና እየነዳ ጁባ መንገድ ላይ ነው።

መርዶ መሰላት። ጩኸቷ ቲካ መንገድ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

እኔ ምን አጠፋሁ? የያዝኩት ፎቶ ነው። መርዶ የሚረዳበትን ሰዓት የወሰንኩት እኔ አይደለሁም። ናትናኤል ደህና ነው፣ ማንም አልሞተም፣ ይኸው ፎቶ ነው ብዬ ጨርቁን ስገፍፈው ጭራሽ ባሰባት። ጥቁር ፍሬም ውስጥ ባሏ ቁጭ ብሏል። ባሏ ደግሞ በፒጃማ አጠገቧ ቆሟል። ግፊቷ ወጥቶ አጋድመናት ውሃ አጠጣናት።

ወልዱ ፎቶውን ተቀበለኝ። መነጽሩን አወለቀ። መስኮቱ ጋ ወስዶ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ሶፋው ላይ አስደግፎ አኖረው። አንድ ቃል አልተናገረም። በሚስቱ ደንግጦ ነው ብዬ ወደ ቅዳሴ ሄድኩ።

ፀሐይም አልወጣችም። የናይሮቢ ሐምሌ ደመና ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ሌሊቱን አልተኛሁም ብል ውሸት ይሆናል። ተኝቻለሁ። ግን ተናድጄ ነው የነቃሁት።

ጥቅሉን አልፈታሁትም። ከነጋዜጣው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አስገባሁት። ካሜራዬን አንግቤ ወጣሁ። ንዴት ሲይዘኝ ከመሄድ ሌላ መድኃኒት አላውቅም።

የመለዋወጫ ሱቄን ለወንድሜ ልጅ አስረክቤ ቤት ስቀመጥ ሁሉም ሰው ምክር አመጣልኝ። አንዱ ዶሮ አርባ አለኝ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ። እኔ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ። ያስተማረኝ የለም። መመሪያውን ከመዝገበ ቃላት ጋር ይዤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፣ ያልገባኝን ደግሜ አነበብኩት። ሳራ አንዴ «ጋሼ፣ ሁሉም ስልክ ላይ በቪዲዮ አለ እኮ» ብላኝ ነበር። ፊት ለፊቴ ሰው ሲለፈልፍ አልማርም አልኳት።

ሕጎቼ ጥቂት ናቸው። ፍላሽ የለም። ካነሱ በኋላ መቁረጥና ማሳመር የለም። ቀለም የለም። ቀለም ጥፋት ይሸፍናል። ቀይ ጃንጥላ ያገኘ ሁሉ ጎበዝ አንሺ ነኝ ይላል።

ዛሬ ያነሳሁት፦

የማታቱ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያዛጋ። ደብዝዟል። እሱ ተንቀሳቀሰ፣ መኪናውም ተንቀሳቀሰ፣ የእኔም እጅ ተንቀጠቀጠ።

በመንገዱ ዳር ግራር ላይ የተደረደሩ አባ ኮዳ ወፎች። ስብሰባ የረዘመባቸው የእድር ኮሚቴ ይመስላሉ። ጥሩ ነው። ከሁሉም አንዱ ብቻ ወደ እኔ ቢያይ ኖሮ እጅግ ጥሩ ይሆን ነበር።

ማንዳዚ የምትጠብስ ሴት እጅ። እንፋሎቱ ሌንሱን ሸፈነው። ማንዳዚውን በላሁት።

ፓርክላንድስ፣ የአንድ ሕንፃ ደረጃ። ጥላው በየደረጃው ይሰበራል። ይህንን አላስጨረሱኝም።

«ምዜ፣ ሀኩና ፒቻ» አለ ዘበኛው። ሽማግሌው፣ ፎቶ የለም ማለቱ ነው።

«ደረጃ ነው እኮ።»

«ደረጃው የባለቤቱ ነው።»

«ብርሃኑስ?»

ትንሽ አሰበ። «ብርሃኑም ግቢው ውስጥ ነው» አለኝ።

በዚህ ከተማ አምባሳደር ከማንሳት ደረጃ ማንሳት ይከብዳል።

ስመለስ በወልዱ ሕንፃ በኩል አላለፍኩም። መንገዱ ይረዝማል፣ ይርዘም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ረቡዕ የዳማ ቀናችን ነው። አበባ ምግብ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፣ በጠርሙስ ቆርኪ። ወልዱ ዓይኑ በደከመበት ዘመን እንኳ ቆርኪውን በጣቱ እየዳሰሰ ያሸንፈኝ ነበር። በዚያው በጣቱ ያጭበረብርም ነበር።

ሄድኩ። የምቀርበት ምክንያት የለም፤ የተበደልኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳውን ዘረጋሁ፣ የሱንም የኔንም ደረደርኩ፣ ተቀመጥኩ። አልመጣም።

አበባ ጾም ስለሆነ ባዶ ሻይ አምጥታ ፊቴ ተቀመጠች። ባለቤትም አስተናጋጅም እሷው ናት፣ ወሬውንም የምታቀርበው እሷው ናት።

«ጋሼ በላቸው፣ ሰው ገድለው ዳማ ይጫወታሉ?»

«ማንን ገደልኩ?»

«እሑድ የሆነውን አልሰሙም?»

አልሰማሁም ነበር። ለካ ለተ ስትጮህ ከታች ያለችው ጎረቤት ወጥታ እኛን በነጠላ፣ ፍሬሙንም ከነወልዱ ፎቶ አይታለች። አንድ ሁለት ሳትል ለእድሩ ደወለች። እኛ ቅዳሴ ላይ ሆነን፣ እድሩ ድንኳንና ወንበር በመኪና ጭኖ ወልዱ በር ላይ ደረሰ። በር የከፈተው ወልዱ ነው። ወንበር የሚያወርደው ሰው በቅርብ የመጣ ነው፣ ወልዱን አያውቀውም።

«ያውቃሉ ምን እንዳለው?» አለች አበባ፣ ከአሁኑ ዓይኗን እየጠረገች። «አባቴ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ለሟች ምናቸው ነዎት? አለው።»

«እሱስ?»

«ሟቹ ነኝ አለው። ወንበሩን እዚያ ደርድረው፣ እኔም ልቀመጥ አለው።»

ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች። የሚበሉት ሁሉ ሹካቸውን አስቀምጠው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«በነገራችን ላይ ጋሼ፣ እኔንም አንድ ቀን ያንሱኝ» አለች። «ግን ስሞት ይሁን።»

ገብቶኛል። ያኮረፈው በወንበሩ ነው። በሕይወቱ ቆሞ ድንኳን ተጫነለት። ግን ወንበሩን የላክሁት እኔ ነኝ? የደወለችውን ጎረቤቱን ያኩርፍ። የሷን ምን መለሰላት?

ደረጃዬን ስወጣ «ሟቹ ነኝ» ያለው ትዝ ብሎኝ ትንሽ ሳቅሁ። ማንም አላየኝም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ደመና። ብርድ። መስኮቱ ላይ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ብርሃን። እንዲህ ያለውን ብርሃን አልወደውም፤ ጥላ የለውም፣ ጥላ ከሌለው ቅርጽ የለውም።

ሱኩማ የሚሉትን ጎመንና ሽንኩርት ልገዛ ወረድኩ። አትክልት የምትሸጠው ሴት፣ ሰፈሩ ሁሉ ማማ ምቦጋ የሚላት፣ ባለፈው ሳምንት ያነሳሁላትን የቲማቲም ክምር ፎቶ ዛሬ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው።

«ምዜ፣ ቲማቲሜ በስብሷል እንዴ?»

«አልበሰበሰም። ጥቁርና ነጭ ነው።»

«ይህን አይቶ ከእኔ የሚገዛ ሰው አለ?»

«ለመሸጫ አይደለም፣ ለማየት ነው።»

«ለማየትማ ይኸው ቲማቲሙ አለ» ብላ ወደ ክምሩ ጠቆመች። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አንዷ እባክህ ቶሎ በል፣ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት አለችኝ።

ተናድጄ ካሜራውን ወደ ቀለም አዞርኩት። ለአንድ ፎቶ ብቻ። ቲማቲሙን ከነሴትዮዋ አነሳሁ።

ቤት ገብቼ አየሁት። ቲማቲሙ ቲማቲም ነው፤ ስለሱ የምጽፈው የለኝም። የገረመኝ ፊቷ ነው። ከዓይኗ ሥር የነበረው ጥቁር የለም። ግንባሯ ላይ ያሉት መስመሮች አሉ፤ አልጠፉም፣ ግን አይጮኹም። እኔ ምንም አላሳመርኩም። ደመናው ከሁሉም በኩል እኩል ነው ያበራላት።

ይህ ውሸት ነው? ውሸት ከሆነ የዋሸው ሰማዩ ነው። መመሪያው ላይ ስለ ደመና ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው፣ እሱንም የዝናብ መሸፈኛ ግዙ ለማለት ነው። ከአሁን በኋላ ደመናን ራሴ አጠናዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ በበረንዳዬ ያሉትን ሁሉ አነሳሁ፦ የጎረቤት ልብስ፣ የውሃ ታንከር፣ የራሴን ጫማ። ጫማዬ በደመና ብርሃን አዲስ መስሏል። ይህማ ውሸት ነው።

ወልዱ ዛሬም አልደወለም። እኔም አልደውልም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

የገብርኤል ንግሥ። የወልዱ ሙሉ ስም ወልደገብርኤል ነው፤ በየዓመቱ ይህን ቀን አብረን ነው የምንሄደው። ዘንድሮ ለየብቻ ሄድን።

ከወንዶቹ መካከል ወዲያ ማዶ ቆሟል፣ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ። አየኝ። እንዳየኝ አየሁ። ፊቱን አዞረ። ታቦቱ ሳይገባ ወጥቶ ሄደ። ታቦት ሳይገባ።

ለተ ግን ሕዝቡን እየሰነጠቀች ወደ እኔ መጣች፣ ሳመችኝ።

«በላቸው፣ አኩርፈሃል?»

«እኔ አኩራፊ አይደለሁም።»

«ታዲያ ፊትህን ምን እንዲህ አስመሰለው?»

«ተፈጥሮዬ ነው።»

ሳቀች። ግፊቷ ወርዷል። ናትናኤል ጁባ በሰላም ገብቶ ደውሏል፤ ወሬውን ሲሰማ ከሳቁ የተነሳ ስልኩ ከእጁ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ አለችኝ።

«እንግዲያው አንቺን ስላስደነገጥኩ ካልሆነ በወንበሩ ነው የተቆጣው» አልኳት።

«በወንበሩ? ሟቹ ነኝ ያለውን ለመጣ ሁሉ እየተነሳ የሚያወራው እሱ ራሱ ነው። የደወለችውን ሴትዮ ምሳ ጋብዟታል።»

ጎረቤቷን ምሳ ጋብዟል። የኔን ፎቶ መልሷል።

«ታዲያ በምንድን ነው?»

ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ጠጋ አደረገችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እናንተ እንደሄዳችሁ ፎቶውን አንስቶ እንደገና መስኮት ጋ ቆመ። ለተ፣ ይህ ሽማግሌ ማነው? አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም።»

ነጠላዬን ሰበሰብኩ።

«መነጽሩን ያወለቀው ላንተ ፎቶ ነው፣ በላቸው። ከዚያ በፊት መስታወትም አላየም። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ለተ እንዴት ነኝ ሲለኝ፣ ያው ነህ፣ ምንም አልተለወጥክም ስለው ነበር። ምን ልበለው? ከዚያ ወዲህ በዳበሳ ነው ጺሙን የሚላጨው።»

«ፎቶው እኮ እሱን ነው የሚመስለው።»

«መምሰሉማ ነው ችግሩ።»

«ታዲያ የኔ ጥፋት ነው?»

«ጥፋት አላልኩህም። ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ንፍሮው ሲታደል አልቆየሁም።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ከቅዳሴ መልስ ሲባጎውን ፈታሁ።

ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ስህተት ፈለግሁ። የለም። ሁለቱም ዓይኖች ጥርት ብለዋል። የጉንጩ ጉድጓድ፣ የከንፈሩ ስንጥቅ፣ በጆሮው ላይ የበቀለው ጸጉር ሳይቀር። ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ነጩ ነጭ ነው። እውነት ነው። አንድ ሰው እውነት ተሰጠኝ ብሎ ስጦታ ይመልሳል?

ምሳ በላሁ። ቆጨኝ። ምሳው ሳይሆን ነገሩ።

እውነት ከሆነ ለኔም እውነት ይሁን አልኩ። ካሜራውን ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ተከልኩ፣ ያው ወንበር፣ ያው መስኮት። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ከማዶው ሕንፃ ግድግዳ ተመልሳ ከጎን ትገባለች። ወንበሩ ላይ መጥረጊያ አቁሜ ፎከሱን በመጥረጊያው ላይ አስተካከልኩ። በራሱ እንዲያነሳ አድርጌ ሮጬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው፣ ቂጤ ወንበሩ ላይ ሳያርፍ አነሳኝ። ሁለተኛው፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ሦስተኛው፣ መጥረጊያውን አላነሳሁትም። አራተኛው ሆነ።

አየሁት።

ራሴን በየቀኑ በመስታወት አያለሁ፣ ስላጭ። አሁን ይህን እየጻፍኩ ነው እንጂ ለማንም አልናገረውም፤ መስታወቱ ውስጥ የማየው ሌላ ሰው ነው። ይህኛው አንገቱ እንደ ኤሊ ነው። አፉ የሆነ ሰው ሊቆጣ የተዘጋጀ ይመስላል፣ ማንም በሌለበት ክፍል። ማንን ነው የሚቆጣው?

መጀመሪያ የሌንሱ ጥፋት ነው አልኩ። ከዚያ ወንበሩ ቀርቧል አልኩ። ለመሰረዝ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። ካነሱ በኋላ ማሳመር የለም የሚለው ሕግ መሰረዝን አይከለክልም። ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይዤው ቆየሁ።

አልሰረዝኩትም።

ወልዱ ግን እንደኔ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። እኔ ፊቴን አይቼ ካሜራውን መዝጋት ቻልኩ። እሱ ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሽማግሌ ቆሞበት፣ ሚስቱ ወለል ላይ ተጋድማ፣ በዚያ መጠን፣ በፍሬም ነው ያየው። ይህን የምጽፈው ጥፋቴ ነው ለማለት አይደለም። የሆነው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ፓርክላንድስ ሄድኩ። የራሴን ፎቶ በዚያው መጠን፣ በዚያው ጥቁር ፍሬም እንዲያትምልኝ ለአታሚው ሰጠሁት። ካርዱን ከፍቶ ኮምፒውተሩ ላይ ትልቅ አደረገው። ወደ ፎቶው አየ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ቆንጆ ሥራ ነው፣ ምዜ። እኚህ ባለፈው ያሳተምከው ሰውዬ ታላቅ ወንድም ናቸው?»

ከፊቱ ቆሜያለሁ። ኮፍያዬን አውልቄ ቆሜያለሁ።

«አዎ» አልኩት። ምን እላለሁ።

እስኪጨርስ ድረስ በመንገዱ ማዶ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ፣ ምንም አላነሳሁም። ከረጅም ጊዜ በኋላ ዛሬ ነው ካሜራ ይዤ ምንም ያላነሳሁት።

ማታ ሳራ ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቅኋት። ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ፣ በሲባጎ አስሬዋለሁ። ነገሩን ያወቀች ትመስላለች፤ ጥቅሉን ስታይ ትከሻዋ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ፕሊዝ። አባባ አልፈልግም ብሏል። እንደገና አታስወስዱኝ።»

«ያኛው አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ስጪው።»

«ምን ልበለው?»

«ምንም አትበይ። ስጪው።»

«እናንተ ሰዎች ሀኩና ቃል፣ ጥቅል ብቻ» አለችና በብብቷ ሸጉጣ ሄደች። እውነቷን ነው፣ ግን ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም።

ከመለሰው ሁለተኛ አላናግረውም። ይህ የመጨረሻው ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ማንም በሬን አላንኳኳም። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ። አንዱ የወንድሜ ልጅ ነው፣ አንዱ ተሳስቶ ነው።

የጎረቤትን ልብስ በደመና እንደገና አነሳሁ። የተሻለ ነው። ግድ አልሰጠኝም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ሆን ብዬ አርፍጄ ሄድኩ። ቀድሜ ተቀምጬ እንደ ባለፈው ሳምንት የሰው መሳቂያ አልሆንም።

ወልዱ ተቀምጧል። መነጽር አላደረገም። ቆርኪዎቹን ደርድሯል፣ ለእኔ የለስላሳውን ሰጥቶ እሱ የቢራውን ይዟል። የኔን ፎቶ ደግሞ ከነፍሬሙ ጠረጴዛው ላይ በሚሪንዳ ጠርሙስ አስደግፎ አቁሞታል፣ ለምግብ ቤቱ ሁሉ እንዲታይ። አበባ አፏን በጨርቅ ይዛ ማድ ቤት በር ላይ ቆማለች።

ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። ማናችንም ሰላም አላልንም።

ፎቶውን አየ። እኔን አየ። እንደገና ፎቶውን አየ። ጊዜ ወሰደ፤ ያ አዲሱ ዓይኑ ምንም አያልፈውም።

«ኣታ በላቸው» አለ። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ነገር ሲጀምር ነው። «ከእኔ የባስክ ነህ።»

አበባ ማድ ቤት ውስጥ ጮኻ ሳቀች።

«አንገትህ ምን ሆኖ ነው?»

«ብርሃኑ ከጎን ስለሆነ ነው።»

«ለኔም ከጎን ነበር። የኔ አንገት እንዲህ አልሆነም።»

«ተጫወት።»

«ለተ ስታየው ምን አለች መሰለህ? ምስኪን፣ ማን ይሆን የሚያበስልለት አለች።»

«ተጫወት አልኩህ።»

ተጫወትን። አሸነፈኝ። አሁን ዓይኑ ስለበራ ማጭበርበሩን ይቀንሳል ብዬ ነበር፤ ጨመረ። በሁለተኛው መሃል ካሜራዬን በአገጩ አመለከተ።

«እስቲ አንሳኝ።»

«አሁን?»

«አሁን። ግን በቀለም።»

«በቀለም አላነሳም።»

«የቲማቲሟን ሴትዮ በቀለም አንስተሃል። ሰፈር ሁሉ እያሳየች ነው።»

ከደጃፉ ውጭ አወጣሁት። ደመና ነበር፣ እኩል የሆነ ደመና። ከኋላው አንድ ፕላስቲክ ወንበርና ግማሽ ቦዳ ቦዳ ሞተር አለ፤ ወንበሩን ገለል ላደርገው ስል ተወው፣ ቶሎ በል ይበርደኛል አለኝ። ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። እኔም ባለፈው «አትንቀሳቀስ» ብቻ ነበር የምለው፤ ዛሬ ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ «እንዴት ሆነህ ልትታይ ትፈልጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ማንንም እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አሰበ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ሰሌዳው ላይ ሲያታልለኝ የሚያደርጋትን ያቺን ትንሽ ፈገግታ አደረገ። አነሳሁ።

ካሜራውን ተቀብሎ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አየው። ብዙ ቆየ። በሕይወቴ ሱቅ አስረክቤያለሁ፣ አገር ለቅቄያለሁ፣ እንዲህ ያለ መጠበቅ አላስታውስም። ፎቶው እንደ ፎቶ ደካማ ነው። ወንበሩ ከራሱ ጎን በቅሏል። አንድ ዓይኑ ትንሽ ጨፍኗል።

«ይህንንም ሽማግሌ አላውቀውም» አለ በመጨረሻ። «ግን እለምደዋለሁ።»

ካሜራውን መለሰልኝ። እጁ ቀዝቅዞ ነበር። ገብተን ሻይ አዘዝን። ሦስተኛውን ዳማ ጀመርን፤ በዚህኛው እየመራሁ ነበር፣ ይመዝገብ።

ከዚያ ቆርኪውን እንዳንጠለጠለ ቆመ።

«ያኛውስ?» አለኝ።

«የቱ?»

«ያኛው ነዋ። የመለስኩት። ለተ ትፈልገዋለች። እኔም ባየው አሁን ምንም አይለኝም። የዚያን ቀን በላቸው፣ እኔ...»

«ተወው» አልኩት። «ስለዚያ ፎቶ ካንተም ከለተም ከማንም ጋር ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

«ኣታ፣ ይቅርታ ልልህ እኮ ነው።»

«አልከፍትም አልኩህ። ተራው ያንተ ነው።»

ትንሽ አየኝ። ቆርኪውን አስቀመጠ። ያስቀመጠበት ቦታ ልክ አልነበረም፤ አየሁት፣ ዝም አልኩ። አበባ ሻይ ስትቀዳ ስለምን ነው የምታወሩት አለች። ስለምንም አልኳት።

እዚህም ላይ አበቃሁ። ሁለተኛ አልጽፈውም።